ሁሉን በአንድ ጥቅል

ዓመቱን በትክክል አላስታውስም። ሁለት ሺህ ከገባ በኋላ መሆኑን አውቃለሁ፤ አንድ ዓመት አልፎት ይሁን ሦስት ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ባለቤቴ ትልቋ ልጃችን የተዳረችበት ዓመት ነው ትላለች፤ እኔ ደግሞ ከዚያ በፊት ይመስለኛል። በዚህ አልተጣላንም። ወሩ ኅዳር እንደነበር ግን አልጠራጠርም፤ በደባርቅ መንገድ ግራና ቀኝ ገብስ ይታጨድ ነበር።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ሲያገኘኝ "ምን ስትሠራ ኖርህ?" ይለኛል። ኮምፒውተር ላይ ሶፍትዌር እጭን ነበር ስል ይስቃል። ሽማግሌ ነኝ፤ ትምህርቴም ያን ያህል አይደለም። ልጅ ሆኜ ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደገምሁ፣ ከዚያ አስኳላ ገብቼ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆምሁ። አሁን ሥራው ራሱ ተለውጧል። ወጣቱ የሚፈልገውን ሁሉ በስልኩ ያወርዳል፤ የሚጭንለት ሰው አያስፈልገውም። እኛ እንዴት እንሠራ እንደነበር፣ በምንስ እንከራከር እንደነበር የሚያውቅ ሰው እያነሰ ስለሄደ ልጻፈው ብዬ ነው።

መንግሥት በተለወጠ ማግስት የተቀጠርሁት ጎንደር ከተማ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ማባዣ ክፍል ነው። ያን ጊዜ ጸሐፊዋ ስቴንስል በሚባል ሰም የተቀባ ወረቀት ላይ ትጽፋለች፤ ፊደሉ ሰሙን ይበሳዋል። እኔ ስቴንስሉን ከበሮው ላይ ወጥሬ፣ ቀለም ሞልቼ እጀታውን አዞራለሁ። ስህተት ሲገኝ ቀይ ፈሳሽ ይቀባና በአፍ እፍ ይባልበታል፤ ሲደርቅ ትክክለኛው ፊደል በላዩ ይመታል። ክረምት ላይ ወረቀቱ እርጥበት ስቦ ሁለት ሁለት እየሆነ ይገባል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ወረቀቱን እያገላበጥሁ አናፍሰው ነበር። አለቃዬ ደህና ሰው ነበር፤ ከዚህ ዓለም የሚያስጨንቀው የወረቀት ማለቅ ብቻ ነው። ደመወዙ ለወር አይበቃም፣ ግን አይቀርም ነበር።

ከዓመታት በኋላ ኮምፒውተርና ፎቶ ኮፒ መጡና ማባዣው እቃ ቤት ገባ። እኔም አብሬው እንዳልገባ ብዬ እዚያው ጎንደር አራዳ ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግን ቤት ሄጄ ሥራ ጠየቅሁ። የቤቱ ባለቤት አቶ መላኩ በዕድሜ ከእኔ ብዙ ያንሳል፤ ፈጣን፣ ተናጋሪ፣ በሰው ክፉ የማያስብ ነው።

"አያ ታከለ፣ ኮምፒውተር ነክተው ያውቃሉ?" አለኝ።

"አቧራውን ጠርጌ አውቃለሁ" አልሁት።

"እሱም ሥራ ነው" ብሎ ከአያ ሰይድ ጎን አስቀመጠኝ።

አያ ሰይድ ከቆዩት የጎንደር እስላም ነጋዴዎች ቤተሰብ ናቸው። ወንድሞቻቸው ሁሉ በንግድ ሲቀሩ እሳቸው የጽሕፈት መኪና ጠጋኝ ሆኑ፤ የጽሕፈት መኪና ዘመኑ ሲያልፍ ደግሞ ወደ ኮምፒውተር ዞሩ። አንድ ማሽን ሲፈቱ ነጭ ጨርቅ ያነጥፉና ብሎኖቹን በተፈቱበት ተራ ከግራ ወደ ቀኝ ይደረድራሉ። ሲገጥሙ ከቀኝ ወደ ግራ ያነሳሉ። እየሠሩ አይናገሩም። መንገድ ስንወጣ በጾም ወራት ከአንድ ትሪ ሽሮ እንበላለን፤ በፍስክ ሥጋ ካለ እኔ ከእኔው ቤት፣ እሳቸው ከእሳቸው ቤት የያዝነውን ለየብቻ እንከፍታለን። በዚህም አንድ ቀን ቃል ተነጋግረን አናውቅም።

የምንጭነው ነፃ ሶፍትዌር ነበር። ነፃ ማለት ውስጡ ያልተቆለፈ፣ ማንም እንዲገለብጠውና እንዲያስተካክለው የተፈቀደ ማለት ነው። መሠረቱ እንዳለ ሲጫን ይጽፋል፣ ይደምራል፣ ሌላ ብዙ አያውቅም። የቀረው ሁሉ ጭማሪ ነው። የአማርኛው ፊደል ጭማሪ ነው፣ የማተሚያው ጭማሪ ነው፣ የድምፁ፣ የሥዕሉ፣ የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠሩ፣ እያንዳንዱ ለየብቻው ጭማሪ ነው። እኛ ቤት ክርክር የነበረውም በዚህ ነው፤ ጭማሪዎቹ ከመሠረቱ ጋር አብረው ታስረው ይግቡ ወይስ አንድ በአንድ ይጫኑ?

አያ ሰይድ አንድ በአንድ ባይ ነበሩ። ለመጫን ሲቀመጡ መጀመሪያ ማሽኑን አይነኩም። ወንበር ስበው ከማሽኑ ባለቤት አጠገብ ይቀመጡና ይጠይቃሉ። ጠዋት ስትገቢ መጀመሪያ ምን ትከፍቻለሽ? የምታትሚው ለማን ነው? ባለፈው ምን አስቸገረሽ? ጥያቄው አንዳንድ ጊዜ ከሥራው ይረዝማል። ከዚያ መሠረቱን ይጭናሉ። አንድ ጭማሪ ይጨምራሉ፣ ማሽኑን ያጠፋሉ፣ መልሰው ያበራሉ፣ ባለቤቱን ስሙን አስጽፈው ያትሙና ወረቀቱን ብርሃን ላይ ይዘው ያዩታል። ሁለተኛው ጭማሪ ከዚያ በኋላ ነው።

"ምነው አያ ሰይድ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ብንጭናቸው?" አልኋቸው መጀመሪያ ሰሞን።

"ሁለቱን ጭነህ ቢበላሽ ማንን ትጠይቃለህ?" አሉኝ።

አቶ መላኩ ደግሞ በጥቅል ባይ ነው። የእሱም ክርክር ውሸት አልነበረም። ያን ጊዜ ኢንተርኔት ከጎንደር ሲወጡ ያበቃል። አንድ ጊዜ ዛሪማ ድረስ ወርደን የማተሚያው ጭማሪ ያለበትን ሲዲ አራዳ ጠረጴዛ ላይ ትተነው መምጣታችንን አወቅን። ሊማሊሞን ወጥተን ጎንደር ገባን፤ በማግስቱ ሊማሊሞን ያንኑ መንገድ መልሰን ወረድን። ያን መጠምዘዣ የሚያውቅ ይፈርድልናል። ሹፌሩ ለሳምንት አላናገረንም።

"ለአንዲት ሲዲ እኮ ነው" አለ መላኩ ስንመለስ። "አያ ሰይድ፣ ሁሉን አንድ ላይ አስሬ ልስጥዎት። የሚፈልግ ይጠቀምበታል፣ የማይፈልግ ይተወዋል። ምን ይጎዳል?"

"የማይፈልገውን መተው የሚችለው መኖሩን ካወቀ ነው" አሉ አያ ሰይድ።

"እስኪያውቁ ስንጠብቅ ወረዳው ሁሉ በእጁ እየጻፈ ይኖራል።"

"እሱስ እውነት ነው" አሉና ወደ ብሎናቸው ተመለሱ።

መላኩ ጥቅሉን ከአንድ ጓደኛው ጋር ሆኖ ሠራው። አንድ ሲዲ ነው፤ ይገባል፣ ራሱ ይሠራል፣ ሲጨርስ ሁሉም ጭማሪ ገብቷል። እውነቱን ለመናገር እኔ ወደድሁት። ወገቤ መንገዱን እየጠላ መጥቶ ነበር፤ በአንድ ጉዞ ሦስት መሥሪያ ቤት ጨርሶ መመለስ ትልቅ ነገር ነው። አያ ሰይድም ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው እኔ በጥቅሉ ብቻዬን መውጣት ጀመርሁ። ብዙ ቦታ ጫንሁት፤ ብዙ ቦታም ሸጋ ሆነ። ይህንንም መናገር ተገቢ ነው።

አሁን ወደ የሺ ልምጣ። የሺ ከደባርቅ ማዶ ባለች አንዲት ወረዳ፣ በጤና ጽሕፈት ቤት የሠራተኞች ጉዳይ ኃላፊ ነበረች። ማሽኗን መጀመሪያ የጫንንላት ከአያ ሰይድ ጋር ነው። እንደ ልማዳቸው ሲጠይቋት የዘመን አቆጣጠሩን ጭማሪ አልፈልግም አለች። እሷ ማሽኑን ገና ስትረከብ ሰዓቱን በእኛው ዘመን ሞልታው ነበር። ብዙ መሥሪያ ቤት ያን ጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ማሽኑ የፈረንጅ ዘመን ብቻ ስለሚያውቅ ዓመተ ምሕረቱን እንደ ፈረንጅ ዓመት አድርገው ይሞሉለታል፤ እሱም ሳያውቅ አብሯቸው ይኖራል።

"ወሮቹ ግን አይገጥሙም" አሏት አያ ሰይድ። "ለማሽኑ ሁለተኛው ወር ሃያ ስምንት ቀን ነው። ጥቅምት ሃያ ዘጠኝ ምን ትሆኛለሽ?"

"ሃያ ስምንትን ሦስት ቀን አውላታለሁ።"

"ጳጉሜንስ?"

"ጳጉሜን እሱም እኔም እናርፋለን።"

አያ ሰይድ ሲስቁ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ሳቁ። "የለመድሽውን አልነካብሽም" አሉና የዘመኑን ጭማሪ ሳይጭኑ ተነሱ። የሺ የሠራተኛውን ሁሉ ስምና የትውልድ ዓመት መዝግባ፣ ማሽኑ በሰዓቱ እየቀነሰ ዕድሜያቸውን እንዲያወጣላት አድርጋ ነበር። ሁሉም በእኛ ዘመን ስለሆነ ሂሳቡ ልክ ነው።

በዚያ ኅዳር የሺ ቢሮ ስሄድ ጥቅሉን ይዤ ነው። ማሽኑ እየዘገየ አስቸግሯት ነበር። ሲዲውን አስገባሁ፣ ጠበቅን፣ ጨረሰ። የማሽኑ ማያ ጥግ ላይ ቀኑ ይታያል፤ ኅዳር ይላል፣ ዓመተ ምሕረቱም ልክ ነው። እሷም አየችው፣ እኔም አየሁት። ፈርማልኝ ሄድሁ።

ያላየነው ይህ ነው። በጥቅሉ ውስጥ ያለው የዘመን ጭማሪ ሲገባ የማሽኑን ሰዓት ወደ ትክክለኛው የፈረንጅ ዘመን አስተካከለው፤ ጥጉ ላይ ግን በእኛ ዘመን ቀይሮ ያሳያል። ላዩ እንደነበረ ነው፣ ውስጡ ተለውጧል። የዕድሜው ሂሳብ የሚሠራው ደግሞ በውስጡ ነው። በወረዳው ያለው የጤና ሠራተኛ ሁሉ በአንድ ቀን ሰባት ስምንት ዓመት ጨመረ።

ከገና በኋላ የሺ ስድሳ ዓመት የሞላቸውን አወጣች። ከወትሮው በዝተው መጡ። "ዘንድሮ ምነው ሰዉ እንዲህ አረጀ?" ብላ ለአለቃዋ ቀልዳ እንደነበር ኋላ ነገረችን። አለቃዋም "ኑሮው ነው" ብሎ ፈረመ። ደብዳቤው ተበተነ።

ከተማው ውስጥ ያሉት በነጋታው መጡ። የጽሕፈት ቤቱ ሹፌር ደብዳቤውን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጦ "የሺ፣ ልጄ ገና ጡት አልጣለም፤ አንቺ ልትጦሪኝ ነው?" አላት። የጽዳት ሠራተኛዋ ደግሞ ስትቀጠር ዕድሜዋን ቀንሳ ያስጻፈችው ታላቅ እህቷ እዚያው ቢሮ እያለች እሷ ብቻ ጡረታ መውጣቷን ጠየቀች። የሺ ስልክ ደወለችልን። መላኩ ስልኩን ለአያ ሰይድ ሰጣቸው።

"ጥጉ ላይ ያለው ቀን ስንት ይላል?" አሏት። ነገረቻቸው። "አሁን አዲስ ፋይል ክፈችና ቀን እንዲጽፍልሽ እዘዢው።" የፈረንጁን ዓመት አነበበችላቸው። ከዚያ ስልኩን ከጆሯቸው አራቁት።

መላኩ ፊቱ ጠቆረ። "የዚያች ቢሮ ሰዓት በእኛ ዘመን እንደተሞላ ያውቁ ነበር?" አላቸው።

"አውቅ ነበር።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"አልጠየቅኸኝም፤ እኔም አልነገርሁህም። ለእያንዳንዱ ቦታ ለየብቻ የሠራሁትን በራሴ ጭንቅላት ብቻ ይዤ መኖሬ ደግ አልነበረም" አሉ።

የሺ ማሽኑን አስተካክላ ደብዳቤዎቹን ሰበሰበች። ሁሉም ተመለሱ፤ አንድ ቀረ። እሳቸውም እላይ ደጋ ባለች ጤና ኬላ የሚሠሩ ድሬሰር ናቸው። ድሬሰር የምንለው ቁስል የሚያጥበውን፣ መርፌ የሚወጋውን፣ ክኒን የሚሰጠውን ነው፤ ሐኪም በሌለበት አገር ሐኪሙ እሱ ነው። ደብዳቤው በእግረኛ ደርሷቸው፣ ቁልፉን ለቀበሌው አስረክበው፣ ቤታቸው ገብተው ተቀምጠዋል። ለማንም አቤት አላሉም። የሺ ሁለት ጊዜ መልእክት ላከች፤ መልስ አልመጣም። ጤና ኬላው ተዘግቷል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የጡረታ ፋይላቸው መጋቢት ሲያልቅ ወደ ላይ ይተላለፋል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሊመልሰው አይችልም። ቦታው ይሰረዝና ያ አገር ድሬሰር ሳይኖረው ይቀራል።

እኔ እሄዳለሁ አልሁ። መላኩ ማኪና ሰጠኝ። አያ ሰይድ እስከ በሩ ሸኙኝና "ስትደርስ አታስረዳ፤ መጀመሪያ ጠይቅ" አሉኝ።

ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር። የሺ አዲሱን ደብዳቤ ሰጥታኝ ማኪናው እስከሚወጣበት ሄድሁና የቀረውን በእግሬ ወጣሁ። ጤና ኬላው በር ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ በሩ ሥር ተቀምጣለች።

"ተዘግቷል እኮ" አልኋት።

"አውቃለሁ። እግሬ ለምዶ ነው" አለችኝ።

የድሬሰሩ ቤት ከዚያ ቁልቁል ነው። አዲስ ጋቢ ለብሰው አጥር ያጥሩ ነበር። ቁመታቸው ረዘም ያለ፣ እጃቸው እንደ ነርስ እጅ የጸዳ ነው። ከየት እንደመጣሁ ነገርኋቸውና የአያ ሰይድን ቃል አስታውሼ ጠየቅሁ። "ደብዳቤው የደረሰዎት ጊዜ ምን አሉ?"

"ምን እላለሁ? አነበብሁት" አሉ። "ዕድሜዬን እኔ በትክክል አላውቀውም። እናቴ አንበጣ በመጣ ጊዜ ነው የወለድሁህ ትላለች፤ አጎቴ አንበጣው ከሄደ በኋላ ነው ይላል። ስቀጠር ያስጻፍሁት ግምት ነው። ወረቀቱ ስድሳ ሞላህ ሲለኝ ጉልበቴን ጠየቅሁት፤ እሱም ልክ ነው አለኝ።"

"ጉልበቱ ውሸቱን ነው" አሉ ሚስታቸው ከበሩ። "ማመም የጀመረው እዚህ ከተቀመጠ ወዲህ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ዶሮዎቼን ሲያክም ከረመ። አንዷን መርፌ ሊወጋብኝ ነበር።"

ነገሩን እንደምችለው ነገርኋቸውና ደብዳቤውን ሰጠኋቸው። ሁለት ጊዜ አነበቡት። አጠፉት።

"አልመለስም" አሉ።

"ምነው?"

"ከጥምቀት በኋላ አገሬው በግ አርዶ ሸኘኝ። ይህንን ጋቢ አለበሰኝ። ቄሱ ተነሥተው፣ ሽማግሌው ተነሥቶ፣ ዕረፍትህን ይባርክልህ ብለው መረቁኝ። አሁን ሄጄ ቁልፉን መልሱልኝ ብል ምን እባላለሁ? ወረዳ ወርዶ ለምኖ ገባ ይሉኛል። የተመረቀ ሰው ምርቃቱን ረግጦ አይመለስም።"

"ጋቢውን ለብሰህ ግባ፤ ማን ያወልቅብሃል?" አሉ ሚስታቸው።

"አንቺ ዝም በይ።"

"እኔ ዝም ብል ዶሮዎቹ ይናገራሉ።"

ድሬሰሩ እንጨቱን አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ። "እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይሰበሰባል። እርስዎ ቆመው ይንገሯቸው። እኔ እንዳልለመንሁ፣ የማሽኑ ስህተት እንደሆነ። ካመኑ እገባለሁ። ካላመኑ ጋቢዬን ለብሼ እቀመጣለሁ፤ እርስዎም በሰላም ይግቡ።"

እሺ አልሁ። እኔ በሰው ፊት ቆሜ ተናግሬ አላውቅም። በሠርግ እንኳ መርቅ ሲሉኝ ለሌላ ሰው አስተላልፋለሁ። እስከ እሑድ እነሱው ቤት ሰነበትሁ፤ የምለውን እያሰብሁ አጥር አብሬ አጠርሁ።

እሑድ ሰው ከቅዳሴ ወጥቶ ደጁ ላይ ተቀመጠ። ድሬሰሩ አስተዋወቁኝና ተቀመጡ። ተነሥቼ ጀመርሁ። ሶፍትዌር የሚባል ነገር አለ አልሁ። መሠረት አለው፣ ጭማሪ አለው፣ ጭማሪው በጥቅል ሲመጣ፣ አልሁ። ስናገር ለራሴም አልገባህ አለኝ።

"አሁን ማኪና ነው ጡረታ የሚያወጣው?" አለ አንዱ ገበሬ።

"ማኪናው አይደለም፣ በውስጡ ያለው ሰዓት ነው።"

"ሰዓት ቀን ይቆጥራል?"

ሽማግሌው ቄስ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሲሰሙ ነበር። "ቆይ" አሉ። "ፈረንጅ ዘመኑን ከእኛ ሰባት ስምንት ዓመት አስቀድሞ ነው የሚቆጥረው። ማሽኑ የፈረንጁን ዓመት ይዞ፣ የዚህን ሰው ልደት ደግሞ በዓመተ ምሕረት ይዞ ቀነሰ። እንዲህ ነው?"

"አዎ አባቴ፣ እንዲያ ነው።"

"ሸጋ። ታዲያ እስከ ዘንድሮ ልክ ሲቆጥር የኖረውን ማሽን የፈረንጁን ቁጠር ያለው ማን ነው?"

እኔ ነኝ እንዳልል እኔ ያልሁት ነገር የለም፤ ሲዲ ነው ያስገባሁት። ማንም አይደለም እንዳልል እውነት አይደለም።

"ለኔም ስምንት ዓመት ይቀንስልኝና እንደገና ላግባ" አለ አንዱ፤ ሰው ሳቀ። ከኋላ ግን ሌላ ድምፅ መጣ። "ሐኪሙ ነው ይኼን ሰውዬ ያስመጣው። መመለስ ፈልጎ ነው።" ማጉረምረሙ ወደ ፊት እየመጣ ሄደ። ይህን ሰው ሥራውን ያሳጣነው አንሶ፣ አሁን ደግሞ በአገሩ ፊት ላዋርደው ነው ብዬ አሰብሁ።

ድሬሰሩ ተነሡና አጠገቤ ቆሙ።

"እኔ ልናገር" አሉ። "እዚህ ውስጥ ከእጄ ክኒን ያልወሰደ የለም። ሆዱን የታመመ ሲመጣ አንድ እሰጣለሁ፣ ራሱን የታመመ ሲመጣ ሌላ እሰጣለሁ። ቆላ የሚወርድ ሰው ግን መንገዱ ሩቅ ነው፣ መመለስ አልችልም፣ ሁሉንም ቋጥረህ ስጠኝ ይለኛል። እኔም መንገዱን ስለማውቀው ቋጥሬ ሰጥቼ አውቃለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሆንም። አንድ ቀን ግን ከቋጠርሁት ውስጥ አንዱ ለዚያ ሰው ገላ የማይስማማ ይሆናል። እነዚህም ሰዎች መንገዳችን ሩቅ ስለሆነ ሁሉን ቋጥረው ሰጡን፤ ከቋጠሮው አንዱ ለወረዳው ማሽን አልተስማማውም። ማን አዘዘ ላሉት አባቴ፣ መልሱ ይኸው ነው። እኔም ብሆን ወረቀቱ ሲመጣ ሳልጠይቅ ዋጥሁት።"

ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ታዲያ ከእንግዲህ ቋጥረህ መስጠቱን ትተዋለህ?" አሏቸው።

"መንገዱ እስኪያጥር አልተውም" አሉ ድሬሰሩ። "ግን ሳልጠይቅ አልቋጥርም።"

በጤና ኬላው በር ያገኘኋት ሴት ሕፃኗን አዝላ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። "ይህ ሁሉ ንግግር ለአንድ ቁልፍ ነው?" አለች። "ስጡትና ልጄን ይይልኝ።"

የቀበሌው ሰው ቄሱን አየ፤ ቄሱ አዎ አሉ። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣቸው። "ምርቃቱ እንዳለ ነው" አሉ ቄሱ፤ "ዕረፍቱ ሲደርስ ይሠራል።" ድሬሰሩ ጋቢያቸውን ሳያወልቁ ሴትዮዋን አስከትለው ወደ ላይ ወጡ።

ፋይላቸውን መጋቢት ሳያልቅ የሺ መለሰችው። አራዳ ስገባ ለአያ ሰይድና ለመላኩ የሆነውን ነገርኋቸው። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ቆመ ማለት አይደለም፤ መላኩ እስከ መጨረሻው በጥቅል ባይ ነበር፣ አያ ሰይድም እስኪሞቱ አንድ በአንድ ባይ ነበሩ። ሥራችን ግን ተለወጠ። ጭማሪዎቹን ሁሉ በአንድ ቦርሳ ይዘን እንወጣለን፤ ሊማሊሞን ሁለት ጊዜ የወረደ ከዚያ ወዲህ የለም። ማሽኑ ላይ የሚገባው ግን ባለቤቱ ተጠይቆ ነው፣ አንዱ ገብቶ ከታየ በኋላ ሌላው። ለየቦታው የተደረገውንም ሦስታችን እንነጋገርበት ነበር። ጊዜ ይፈጃል። አንዳንድ ቀን መላኩ ትክክል ነበር ብዬ እመለሳለሁ።

እጄን ያስተማሩኝ አያ ሰይድ ናቸው፤ ይህንን ለማንም አልደብቅም። ግን ያን እሑድ እዚያው ደጅ ላይ ብቻዬን ቆሜ ቀርቼ ቢሆን ኖሮ ወደ ሥራው አልመለስም ነበር፤ ለመንገድ ስነሣ ወስኜም ነበር። እስከ ጡረታዬ ሥራዬን ያዘለቁኝ የበደልናቸው ሰው ናቸው። ሙጨ ይባላሉ፤ ድሬሰር ሙጨ።